«ውሃ አስነክተሽው ነው»

«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለውን ወረቀት ከገንዘብ መሳቢያው በላይ የለጠፍኩት ሱቁን በከፈትኩ ሰሞን ነው። ማንም አላዘዘኝም፤ ጎረቤቶቼ ለጥፈው ስላየሁ ለጠፍኩ። ሲያዩት ለደንበኛ ማስጠንቀቂያ ይመስላል። ለእኔ ግን ሌላ ሥራ ይሠራልኝ ነበር፤ የተበላሸ ጫማ ይዞ የመጣውን ሰው እምቢ የሚለው ወረቀቱ እንጂ እኔ አልነበርኩም። እኔማ አዝኜ፣ አንገቴን ሰበር አድርጌ፣ በጣቴ ወደ ግድግዳው ማመልከት ብቻ ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድም ደንበኛ ሰድቤ አላውቅም። ይህንንም እንደ ጽድቅ እቆጥረው ነበር።

አሶሳ የሚሸጠው ጫማ አብዛኛው ከመርካቶ ነው የሚመጣው። ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ በአይሱዙ ተጭኖ ነቀምቴን፣ ጊምቢን፣ መንዲን፣ ባምባሲን አልፎ እዚህ ይራገፋል። የወለጋ መንገድ ሲታወክ ጭነት ይቆማል፤ ሲከፈት ደግሞ ነጋዴው ሁሉ «ነገ ምን እንደሚመጣ አይታወቅም» ብሎ አብዝቶ ያስጭናል። እኔም እንዲሁ። ጓዳዬ እስከ ጣሪያ ካርቶን ሆነ። የእኔ ነገር የሚጀምረው ከዚያ ጓዳ ነው።

የብዙ ስኒከርና የተማሪ ጫማ ሶል ፖሊዩሬታን ከሚባል ነገር ይሠራል። ቀላልና ለእግር የሚመች ነው፤ ጠላቱ እርጥበትና ሙቀት ነው። እርጥበቱ ቀስ እያለ ሶሉን ከውስጥ ይፈታዋል፤ በተለይ ሳይደረግ ካርቶን ውስጥ ለዓመታት የተቀመጠው ይብሳል። አሶሳ ክረምቱ ረጅም ነው፤ ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ ሙቀቱ ይተካል። ጫማው ላይ ላዩን አዲስ ነው፣ ሽታውም የአዲስ ነው፤ የሰው ክብደት ባረፈበት በጥቂት ቀን ግን ሶሉ እንደ ደረቀ ቂጣ ይፈረፈራል። የፖሊዩሬታንን ስም የሰማሁት ኋላ ነው። ነገሩን ግን ጣቴ ቀድሞ ያውቀው ነበር። ጠርዙ ወደ ቢጫ የሄደ፣ በአውራ ጣት ሲጫኑት የሚጣበቅ ሶል ዕድሜው እንዳለቀ ማንኛውም የጫማ ነጋዴ ያውቃል። አውቄ ነው የሸጥኩት ማለቴ ነው።

አንድ መስከረም ላይ አንዲት እናት ለልጃቸው የትምህርት ቤት ጫማ ገዙኝ። ሩጣንኛና ዓረብኛ ነው የሚናገሩት፣ አማርኛ በጥቂቱ። ብዙም ሳይቆዩ ጫማውን በፌስታል ቋጥረው ተመለሱ፤ ሶሉ ሁለት ቦታ ተሰንጥቆ ፍርፋሪው ፌስታሉ ውስጥ ወርዷል። አገላበጥኩት፣ አጎነበስኩበት፣ እንደ ሐኪም ራሴን ነቀነቅኩ። ከዚያ «መዓሌሽ፣ እናቴ። ውሃ አስነክተሽው ነው» አልኳቸው፤ ወረቀቱንም አሳየኋቸው። ወረቀቱ በአማርኛ የተጻፈ ነው። እሳቸው ማንበብ አይችሉም። ደረሰኝም አልነበራቸውም፣ አልሰጠኋቸውማ። አልጮሁም፤ ጫማውን መልሰው ቋጥረው ወጡ።

ውሃ አስነክተሽው ነው! በዚያ ዝናብ አሶሳ ላይ ውሃ ያልነካው ጫማ የት ይገኛል? ውሃ የማይችል ጫማ ከሆነ እዚህ ከተማ መሸጡ ራሱ ምንድን ነው? ይህን ጥያቄ እሳቸው አላነሱትም። እኔም ማንም እስካላነሳው ድረስ የሌለ ጥያቄ አደረግሁት።

ከዚያው ጭነት፣ ከዚያው ዓይነት ጫማ አንድ የመንግሥት ሠራተኛም ገዝቶኝ ነበር። ሲገዛ ደረሰኝ ጠይቆ ተቀብሏል። ሶሉ ሲላቀቅበት መጣና ሳይቆጣ «አዋጅ ቁጥር 813/2006ን ታውቀዋለህ?» አለኝ። አላውቀውም። ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ መልሶ «ወይ ቀይርልኝ፣ ወይ ገንዘቤን ስጠኝ» ሊል እንደሚችል፣ ይህንንም መብት ነጋዴ ግድግዳ ላይ በለጠፈው ወረቀት ሊያስቀረው እንደማይችል በእርጋታ አስረዳኝ። ውሃ ስለ መንካቱ ትንፍሽ አላልኩም። ወዲያው በሌላ ዓይነት ቀየርኩለት፤ ቡናም አስመጣሁለት።

ቆይቼ ሕጉን አስነበብኩ። ሰውየው ያለው ልክ ነበር፤ እንዲያውም አሳንሶ ነው የነገረኝ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ሻጭ ለሚሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ ነው ይላል፤ ጉድለቱን በተንኮል የደበቀ ሻጭ ከዚህ ዋስትና ነጻ የሚያደርገው የውል ቃል ቢኖረው እንኳ አይጠቅመውም። አዋጁ ሲወጣ ያቋቋመው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣን በ2014 ፈርሶ ሥራው ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ዞሯል፤ እዚህ አሶሳ ያለ ሰው አቤት የሚለው ለንግድ ቢሮ ነው። እኚያ እናት ለአንድ ጫማ ብለው የእርሻቸውን ቀን ትተው፣ አስተርጓሚ ይዘው፣ ያለ ደረሰኝ ቢሮ ይቆማሉ? እንደማይቆሙ አውቅ ነበር። ሰውየውን የፈራሁት ሕግ ስለሚያውቅ ነው፤ እሳቸውን «እናቴ» ያልኳቸው ደግሞ ስለማያውቁ።

ራሴን ስከላከል ኖሬያለሁ። መከላከያዬም ባዶ አልነበረም። መርካቶ ያለው ጅምላ ሻጭ ለእኔ ይመልስልኛል? ደውዬለት አውቃለሁ፤ «አይተህ ነው የወሰድከው» ብሎኛል። ካርቶን በካርቶን ሳልከፍት፣ በጆንያ ያስጫንኩትን ምን ብዬ እከራከራለሁ? ሕጉ ለእኔም ገዢነቴን ይቆጥርልኛል፤ ግን ዕቃህን ፈትሽ፣ ጉድለት ስታገኝ ቶሎ አስታውቅ ይላል። እኔ ደግሞ «የቆየ ነው» ተብሎ ዋጋው ስለተቀነሰልኝ ዝም ብዬ የወሰድኩት ነው። ጅምላ ሻጩ በሰጠኝ ደረሰኝ ላይ የተጻፈውና የከፈልኩት ገንዘብም አይገናኝም። ስለዚህ ኪሳራው ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፣ እኔ ዘንድ ሲደርስም አልፎኝ ይሄዳል፤ የሚያርፈው የሚያሳልፍበት ሰው የሌለው ጋ ነው። «ምን ላድርግ፣ እኔም ተበዳይ ነኝ» እል ነበር። አምኜበትም ነበር።

ይህን እምነት ያፈረሰብኝ ስብከት አይደለም፤ የሒሳብ ደብተሬ ነው። ዋጋ ስተምን እንዲህ ነው የማደርገው። ሃያ ጥንድ በ1,200 ብር ሂሳብ ገዛሁ እንበል። የመኪና፣ የጫኝና አውራጅ፣ የኪራይ እደምርበታለሁ። ከዚያ ደብተሩ ላይ «ብልሽት» የሚል መስመር አለኝ። ከሃያ አንዱ አይሸጥም ወይም ይበላሻል ብዬ የዚያን የአንዱን 1,200 ብር በሃያው ላይ አካፍላለሁ፤ በጥንድ 60 ብር ይመጣል። ይህ 60 ብር በእያንዳንዱ ጫማ ዋጋ ውስጥ አለ። የሚገዛኝ ሁሉ ይከፍለዋል።

እንግዲህ እኚያ እናት ፌስታላቸውን ይዘው ሲመጡ ገንዘባቸው መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። ሌሎቹ ገዢዎች አዋጥተውላቸዋል፤ እሳቸው ራሳቸውም 60 ብራቸውን አዋጥተዋል። እኔ የተበላሸውን ጫማ ዋጋ አስቀድሜ ሰብስቤ፣ የተበላሸው ሲመጣ ደግሞ ወረቀት አሳየሁ። ኪሳራ ነው ስል የኖርኩት ትርፍ ነበር። ይህን ደብተሩ ላይ በገዛ እጅ ጽሑፌ ሳየው መላ አካሌን አላበኝ፤ ሌላ ሰው ጽፎት ቢሆን ኖሮ ሌባ እለው ነበር።

ለንስሐ አባቴ ጾም መሻሬን ነግሬያለሁ፣ ቁጣዬን ነግሬያለሁ፣ ከወንድሜ ጋር መኳረፌን ነግሬያለሁ። ይህን ግን አንድ ቀን እንኳ አንስቼው አላውቅም። ደብቄ አይደለም፤ ንግድ መስሎኝ ነው። ጎረቤቴ ጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ብቻ «ነውሩን ሳትነግር የሸጥከው በረካ የለውም» ይለኝ ነበር። በሃይማኖቱ ሻጭ የዕቃውን እንከን ለገዢ የመናገር ግዴታ አለበት። እኔም «ሐጂ፣ እርስዎ አንዴ የተቀደደ ጨርቅ ይመልሳሉ እንዴ?» ብዬ አስቄው አልፋለሁ። የተቀደደ ጨርቅ በእርግጥም አይመልስም፤ ግን ጨርቁን ብርሃን ላይ ዘርግቶ፣ ገዢው በጣቱ አሽቶ ካላየው አይቀድም። ይህን ልዩነት እያየሁ ነው የሳቅሁት።

ወረቀቱን አንስቼዋለሁ። ቅድስና እንዳይመስል፤ ዋጋ እንደሌለው ስላወቅሁ ነው። አሁን ሶሉን አጥፌ ሳላይ ካርቶን አልሸጥም፤ የቆየውን «የቆየ ነው፣ ላይበረክት ይችላል» ብዬ በርካሽ እሰጣለሁ። የሚገርመው፣ እንዲህ ብያቸውም ይገዙታል። ስኒከር ይዞ የሚመለስ ካለ ጫማ ሰፊ ጋ የሚድን ከሆነ አሰፋለታለሁ፣ ካልሆነ እቀይራለሁ። የብልሽት መስመሯ ከሞላ ጎደል ትበቃለች።

እኚያን እናት ግን አልፈለግኋቸውም። የሚኖሩበትን ቀበሌ አውቃለሁ፤ ዘመዳቸው ማንጎ እያመጣ ገበያ ይሸጣል፣ ሰላምም እንባባላለን። ገንዘቡን በእሱ ልላክ ብዬ አስቤ ነበር። ከዚያ «ለምን አሁን?» ቢለኝ ምን እመልሳለሁ ብዬ ተውኩት። ለጫማው የከፈሉኝ 1,800 ብር ከባድ ሆኖ አይደለም፤ ሳዝን ያየኝ ሰው ሐዘኔ ማስመሰል እንደነበር እንዲያውቅብኝ ስላልፈለግሁ ነው።

ያላስተካከልኩት የደረሰኝ ነገርም አለ። አዋጁ ነጋዴ ለሸጠው ሁሉ ደረሰኝ ስጥ ይላል፤ ገዢው ጠየቀም አልጠየቀም። እኔ ግብሩን እያሰብኩ ዛሬም ለጠየቀ ብቻ ነው የምቆርጠው። የማይጠይቀው ማን እንደሆነ ደግሞ ገና በር ላይ ጫማውን ሲያራግፍ አውቀዋለሁ።