ልጆቻችን የሚጫወቱበትን ጓሮ አይተነዋልን?

መምህር የሚያስተምረውን ሁሉ በቤቱ ይፈጽማል ማለት አይደለም። ይህን የተረዳነው በገዛ ልጃችን ዓይን ነው።

ኮምቦልቻ የምንኖርበት ግቢ በቅንጭብ የታጠረ ነበር። በጓሮው ጥግ ደግሞ ጉሎ በቅሏል። የጉሎ ፍሬ ሪሲን የተባለ ብርቱ መርዝ እንዳለው፣ አኝኮ የሚውጠው ሕፃንም ሕይወቱ አደጋ ላይ እንደሚወድቅ ለተማሪዎቻችን ሰሌዳ ሞልተን ስናስተምር ኖረናል። ወደ ቤት ስንመለስ ግን ልጆቻችን ከዚያው ጉሎ ሥር ሱቅ ከፍተው ፍሬውን እየቆጠሩ ሲሸጡ እያየን እናልፍ ነበር።

አንድ ቅዳሜ አጥሩን ስንከረክም የ4 ዓመቱ ልጃችን የወደቀ የቅንጭብ ቅርንጫፍ አነሣ። ነጩ ወተት እጁን ነካው፤ በዚያው እጁ ዓይኑን አሸ። «አባዬ፣ ተቃጠልኩ!» ያለው ጩኸት እስከ ዛሬ ከጆሯችን አልወጣም። እናቱ በንጹሕ ውኃ 15 ደቂቃ ያህል ሳታቋርጥ አጠበችው፤ ከዚያም ይዘነው ወደ ጤና ጣቢያ ሮጥን። አልሐምዱሊላህ፣ ከቀናት በኋላ ዓይኑ ዳነ።

ያን ሌሊት በልጅነታችን መድረሳ ተቀምጠን የተማርነው ትዝ አለን፤ ሰውን የሚጎዳ ነገር ከመንገድ ላይ ማንሣት ሰደቃ ነው። የመንገደኛው ይህን ያህል ከታሰበለት፣ የገዛ ልጃችን መጫወቻማ እንዴት ይዘነጋል?

በማግሥቱ ተንበርክከን ግቢውን በልጅ ቁመት ዞርነው። ቆመን ያላየነውን አየን፤ የቆርቆሮ ጠርዝ፣ የዛገ ሚስማር፣ ክዳን የሌለው የውኃ በርሜል። ሕፃን በጥቂት ሳንቲ ሜትር ውኃም ሊሰምጥ ይችላልና በርሜሉን ከደንን፤ ባልዲና ሳፋ ውኃ ይዘው እንዳያድሩ ወሰንን። ጉሎውን ነቀልን። ቅንጭቡን ልጆቹን ዘመድ ቤት ልከን፣ ጓንት አጥልቀን አስወገድንና በእንጨት አጥር ተካነው።

ይሁን እንጂ አደጋን መንቀል ብቻውን የልጅ ጓሮ አይሆንም። ባዶ ግቢ ልጅን ወደ መኪና መንገድ ይገፋዋል። ስለዚህ የፈረንጅ ሱፍ በክብ ዘርተን ለበር የሚሆን ክፍተት ተውን፤ በ3 ወር ገደማ ከእኛ ቁመት በልጦ የልጆቹ ቤት ሆነ። ለእያንዳንዳቸው ጎመንና ናና የሚተክሉባት ትንሽ መደብ ሰጠናቸው። ከጠንካራ ቅርንጫፍ ላይ ዥዋዥዌ ሰቅለን ከሥሩ አሸዋ አፈሰስን፤ ድመት እንዳይጸዳዳበት ማታ ማታ በሸራ እንሸፍነዋለን። ሁሉንም ያደረግነው ከወጥ ቤቱ በር በሚታይ ቦታ ነው፤ የትኛውም አጥር የወላጅን ዓይን አይተካምና።

ዛሬ ያ ልጅ ለሻይ የሚሆነንን ናና ራሱ ቀጥፎ ያመጣል። በተቀበልነው ቁጥር ዓይኖቹን እናያለን።

ውድ ወላጆች፣ እኛ የምናውቀውን ለነገ እያልን አሳደርነው፤ ዋጋውን ሊከፍል የነበረው ግን ልጃችን ነው። እናንተ ዛሬ ከዐስር ሶላት በኋላ ጓሯችሁን ተንበርክካችሁ ዙሩት።