ከአራት ኪሎ እስከ ፎንቴንብሎ

መጀመሪያ እንናዘዝ። እኛ ጋዜጠኝነት የገባነው ሒሳብ ሽሽት ነው። «እኛ» ማለት ሁለት ጓደኛሞች ነን፦ አንድ ዶርም፣ አንድ ዲፓርትመንት፣ በኋላም አንድ ጋዜጣ። ጋዜጣው ግን ሁለት ዓመት እንኳ አብሮን አልቆየም። አንድ ሰኞ ጠዋት አለቃችን ሰበሰበንና «የማተሚያውን መክፈል አልቻልንም» አለን። በቃ። ጽሑፋችሁ አይረባም ያለን የለም፤ ቢለን ይሻለን ነበር።

የኤም.ቢ.ኤ. አባዜ የያዘን ከዚያ በኋላ ነው። ጋዜጣን የሚገድለው ምን እንደሆነ ካላወቅን፣ ሌላ ጋዜጣ ብንቀጠርም ያው መቅበር ነው አልን። ስለዚህ ለአጭር ሥልጠና ፓሪስ በሄድን ጊዜ ያገኘናትን አንዲት ነፃ ቀን ኤፍል ታወር ሥር ከምናባክናት (ማታ ሄደን ፎቶ ተነስተናል፣ አንዋሽም) ኢንሲያድ የሚባለውን የቢዝነስ ትምህርት ቤት ልንጎበኝ ተመዘገብን።

ከጋር ደ ሊዮን ጣቢያ በባቡር 40 ደቂቃ ያህል ነው። ከተማዋ ፎንቴንብሎ ትባላለች፤ ዙሪያዋ ጫካ ነው። ናፖሊዮን እ.ኤ.አ. በ1814 ዙፋኑን ለቆ ዘቦቹን የተሰናበተው እዚሁ ቤተ መንግሥት ነው። የኢንሲያድ የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎችም የተማሩት በዚያው ቤተ መንግሥት ነበር፤ ጫካው ጥግ ወዳለው ወደ አሁኑ ግቢ የተዛወሩት በ1967 ነው።

ክፍሉ እንደ ግማሽ ጨረቃ የታጠፈ ነው፤ እያንዳንዱ ተማሪ ፊት ስሙ ተጽፎ ቆሟል። እኛ ከኋላ ተቀመጥን። የአንድ ኩባንያ ታሪክ ቀድመው አንብበው መጥተዋል፤ መምህሩ መልስ አይሰጥም፣ እየዞረ ይጠይቃል እንጂ። በሀንድአውት ላደግን ለእኛ ጉድ ነው። አንዷ ተማሪ እጇን አወጣችና «ዕቃውን የሚጠቀመው ሰውና ገንዘቡን የሚከፍለው ሰው አንድ አይደሉም» አለች። ተያየን። ሁለታችንም አራት ኪሎ ነበርን።

አራት ኪሎን ሳይፈርስ ያያችሁ ታስታውሳላችሁ። ሥራ ፈላጊው ድንጋይ ላይ ተደርድሮ ጋዜጣ ይከራያል፤ ሳንቲም ከፍሎ የሥራ ማስታወቂያውን ይገለብጣል፣ ይመልሳል፣ ሌላው ይቀበላል። አንዷ ጋዜጣ ስንት እጅ እንደምትዞር አዟሪው ብቻ ነው የሚያውቀው። እኛ በዚያ በኩል ስናልፍ «ይኸው ሕዝቡ ያነበናል!» ብለን ደረታችንን እንነፋ ነበር። የኪራዩ ሳንቲም የማን ኪስ እንደሚገባ አንድም ቀን አልጠየቅንም።

ምሳ ላይ ባሰ። አብሮን የተቀመጠ ተማሪ ስለ ሥራችን ጠየቀን፤ ስለ ጋዜጣችን እስክንረሳው ድረስ አወራንለት። በትሕትና ሰምቶ ሲያበቃ «በሳምንት ስንት ይሸጥ ነበር?» አለ። ስንት እንደሚታተም እናውቃለን። ስንት እንደሚሸጥ ግን… ሰላጣችንን አየን። ሚኒስትር ፊት ማይክ ደቅነን ቁጥር የምንጠይቅ ሰዎች፣ የራሳችንን ቤት ቁጥር አናውቅም።

ወደ ዋጋው እንምጣ። ትምህርቱ 10 ወር ነው፤ ክፍያው 100 ሺህ ዩሮ ገደማ። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ይህን በብር ማሰብ ለጤና ጥሩ አይደለም፤ ከ10 ሚሊዮን በላይ ነው። ከትምህርት ቤቱ መሥራቾች አንዱ ጆርጅ ዶሪዮ የሚባል ፈረንሳይ ተወልዶ ሀርቫርድ ያስተማረ ሰው ነው። ኢንሲያድ በተመሠረተበት በ1957፣ እሱ የሚመራው የኢንቨስትመንት ድርጅት ለሁለት መሐንዲሶች 70 ሺህ ዶላር ሰጥቶ ዲጂታል ኢኩዊፕመንት የተባለውን የኮምፒውተር ኩባንያ አስጀምሯቸዋል። እኛም እኮ ሁለት ነን! ያኔ ለአንድ ኩባንያ መነሻ የበቃው ብር ዛሬ ለአንዲት ተማሪ አይበቃም። የገንዘብ ዋጋ እንደ ድሮው እንዳልሆነ እናውቃለን፤ ግን ይከነክናል።

ስንመለስ ባቡሩ ውስጥ ተጨቃጨቅን። አንዳችን «ስኮላርሺፕ አለ፣ እንሞክር» ትላለች፤ ሌላችን «ያቺን ጥያቄ ለመጠየቅ 100 ሺህ ዩሮ? ካልኩሌተርና አንድ ቅን አዟሪ ይበቃል» ትላለች። መሀል ላይ ለቀድሞው አለቃችን መልእክት ላክን፦ «ጋሼ፣ ጋዜጣችን በሳምንት ስንት ይሸጥ ነበር?»

ጋር ደ ሊዮን ልንደርስ ስንል መለሰ። «ልጆቼ፣ የታተመውን ነበር የምንቆጥረው። የሚመለሰውን አዟሪዎቹ ያውቁታል። ምነው፣ ደህና ናችሁ?»

ደህና ነን አልነው። አዲስ አበባ ስንገባ ያለንን ስናዋጣ ለመግቢያ ፈተናው ለጂማት የአንድ ሰው ክፍያ ሞላ። ውጤቱ ለ5 ዓመት ያገለግላል፤ ብር የምንለምንበት ጊዜ አለን ማለት ነው። ማን ትፈተን በሚለው ዕጣ ተጣጣልን። ለማን እንደወጣ አንነግራችሁም፤ ያልወጣላት ግን አዟሪዎቹን ፍለጋ ቅዳሜ ትጀምራለች።