ከሰማይ የወረደው ድንጋይና ምስክሮቹ

ከመተማ ዮሐንስ ተነሥቶ፣ ትንሿን ድልድይ ተሻግሮ፣ ገላባትን ወደ ኋላው የተወ መንገደኛ ወደ ገዳሪፍ በሚያደርገው የ150 ኪሎ ሜትር ያህል ጉዞ፣ ተራራ የለመደ ዓይኑ የሚያርፍበትን ነገር እያጣ ይሄዳል። አልፎ አልፎ ብቅ ከሚሉ ኮረብቶች በቀር ምድሩ ሜዳ ነው። ጥቁሩ የመረሬ አፈር በክረምት ይጨቀያል፤ በበጋ ደግሞ እግር እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጣጠቃል። ማሽላና ሰሊጥ በብዛት የሚመረትበት አገር በመሆኑ፣ ከጎንደር፣ ከጎጃምና ከትግራይ ደጋዎች የሚወርዱ ወቅታዊ ሠራተኞች ለብዙ ዓሥርታት በድንበሩ ግራና ቀኝ ሲያርሙና ሲያጭዱ ኖረዋል። ቀን በፀሐይ ሲጠበስ የዋለ ሠራተኛ ማታ ከደጅ ይተኛል፤ ጣሪያው ሰማይ ነው።

ሰማዩም ሥራ አይፈታም። ተወርዋሪ ኮከብ ጨለማውን ሰንጥቆ ሲጠፋ፣ ከደጋ የመጣው ሠራተኛ «አንድ ሰው ከዚህ ዓለም ተለየ» ይላል፤ ሰው ሁሉ በሰማይ የራሱ ኮከብ እንዳለው ከአያቶቹ ሰምቷልና። ከአጠገቡ የተጋደመው ሱዳናዊ ደግሞ «ሸይጣን ተመታ» ይላል፤ የሰማይን ምሥጢር ለመስረቅ በሚያደቡ ሰይጣናት ላይ እሳት እንደሚወረወር ከሃይማኖቱ ተምሯል። ሦስተኛው ከተማ ቆይቶ የመጣ ወጣት ከሆነ፣ «ከሌላ ዓለም የመጣ በራሪ አካል ነው» ማለቱ አይቀርም። ሦስቱም ያዩት ብርሃን አንድ ነው። የተለያዩት ብርሃኑ ከጠፋ በኋላ በተናገሩት ነው።

የሜዳ አገር ዓይንን እንደሚያታልል መታወቅ አለበት። በተራራ አገር የአንድ መብራት ርቀት ከገደሉ፣ ከዛፉና ከጎረቤት ቤት አንጻር ይገመታል። በሜዳ ላይ ግን መለኪያ ስለሌለ፣ ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ የሚያርስ የትራክተር መብራት ከሰሊጡ ነዶ ጀርባ የቆመ ይመስላል። በዚያ ላይ ሌሊት አፈሩ ሙቀቱን ሲያጣ፣ ከመሬት አጠገብ ያለው አየር ከበላዩ ካለው ይልቅ ይቀዘቅዛል። ብርሃን በዚህ በተደራረበ አየር ውስጥ ሲያልፍ ስለሚጎብጥ፣ ከአድማስ በታች ያለ መብራት ከፍ ብሎ ይታያል፤ ይንቀጠቀጣል፤ አንዳንዴም ለሁለት ይከፈላል። የአጥቢያ ኮከብ የምትባለው ቬኑስ ወደ አድማስ በቀረበች ጊዜ ቀለሟ ይለዋወጣል፤ ለሚጓዝ ሰውም የምትከተለው ይመስለዋል። ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ስታርሊንክ የተባሉት ሳተላይቶች ወደ ሰማይ በተላኩ ሰሞን እንደ ግመል ቅፍለት በአንድ መስመር ሲያልፉ ይታያሉ። ነገሩን የማያውቅ ሰው ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

ይሁን እንጂ ብርሃን ሁሉ የትራክተር ነው ብሎ መዝገቡን መዝጋትም ስሕተት ነው። ይህን ያሳየ ነገር በዚያው በሱዳን ምድር፣ ከገዳሪፍ ወደ ሰሜን ምዕራብ በመቶዎች በሚቈጠር ኪሎ ሜትር በሚርቀው የኑብያ በረሃ ደርሷል።

በዚያ በረሃ ከዋዲ ሐልፋ ወደ አቡ ሐመድ የሚወስደው የባቡር ሐዲድ አለ። መንደር በሌለበት የተዘረጋ በመሆኑ ጣቢያዎቹ የሚጠሩት በቍጥር ነው። ስድስተኛው ጣቢያ በዐረብኛ አልማሐጣ ሲታ ይባላል። መስከረም 27 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ ማለትም ኦክቶበር 7 ቀን 2008 እ.ኤ.አ.፣ የጧት ጸሎት በሚደርስበት ሰዓት፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ላይ፣ በአካባቢው ነቅተው የነበሩ ሰዎች በረሃው በድንገት በብርሃን ሲሞላ አዩ። የእሳት ኳስ ሰማዩን አቋርጦ ፈነዳ። ከኋላው የቀረው የጢስ ፈለግ በከፍታው ነፋስ ተጠማዞ፣ ጎሕ ሲቀድ ገና ያልወጣችው ፀሐይ ከታች እያበራችው ለጥቂት ጊዜ ታየ። ይህን ያየ የባቡር ሠራተኛ የዓለም ፍጻሜ ደረሰ ቢል ማን ይስቅበታል?

የሚያስደንቀው፣ ከእነዚህ ምስክሮች አስቀድሞ ነገሩን ያወቀ ሌላ ሰው መኖሩ ነው። ፍንዳታው ከመድረሱ 20 ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ፣ በአሜሪካ በአሪዞና ግዛት ሰማይን የሚቃኘው ሪቻርድ ኮዋልስኪ አንዲት የምትንቀሳቀስ የብርሃን ነጥብ በመነጽሩ አይቶ ነበር። 2008 ቲሲ 3 የሚል ስም ተሰጣት፤ ጎዳናዋ ተሰላ፤ ሰሜን ሱዳን ላይ እንደምትወድቅም ተነገረ። አንድ የሰማይ አካል ከመሬት ጋር ከመጋጨቱ በፊት በጠፈር ሳለ ሲታወቅ በታሪክ ያ የመጀመሪያው ነበር። ወርዱ 4 ሜትር ያህል፣ ክብደቱ በግምት 80 ቶን የሆነው ይህ ዐለት በሴኮንድ ከ12 ኪሎ ሜትር በላይ እየተወነጨፈ ገብቶ፣ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ተበታተነ። 1,400 ኪሎ ሜትር ርቆ ይበር የነበረ የኬ ኤል ኤም አውሮፕላን አብራሪ እንኳ ብልጭታውን ከአድማስ አይቷል።

እዚህ ላይ ነገሩ ሊያበቃ ይችል ነበር። በዚያን ያህል ከፍታ የፈነዳ ዐለት የሚለቀም ነገር ያተርፋል ብሎ ተስፋ የሚያደርግ ጥቂት ነበርና። የካርቱም ዩኒቨርሲቲው ሙዓዊያ ሻዳድ ግን፣ ከሴቲ ተቋም ከመጣው ከፒተር ጄኒስከንስ ጋር ሆኖ ወደ በረሃው ወረደ። የሴቲ ተቋም በሌሎች ዓለማት ሕይወትና አስተዋይ ፍጡር ይኖር እንደሆነ የሚመረምር ድርጅት መሆኑ አጋጣሚ ነው። ሁለቱ ሊቃውንት ከመሣሪያ ይልቅ በሰው ጀመሩ። ምስክሮቹን ፈልገው ጠየቁ። እንዲህ ባለ ፍለጋ «ያ ነገር ምን ነበር?» የሚለው ጥያቄ እምብዛም አይጠቅምም። የሚጠቅመው «የት ቆመህ ነበር? ብርሃኑ ከየት ወዴት አለፈ? ድምፅ ሰምተህ እንደሆነ ከስንት ጊዜ በኋላ ሰማህ?» የሚለው ነው። በዲሴምበር 2008 እ.ኤ.አ. 45 ያህል ተማሪዎችና መምህራን በአንድ ረድፍ ጎን ለጎን ተሰልፈው፣ ዓይናቸውን አሸዋው ላይ ተክለው በእግራቸው ተጓዙ። በመጀመሪያው ፍለጋ 15 ጥቋቍር ድንጋዮች ተገኙ። ፍለጋው ተደጋግሞ 600 ያህል ስብርባሪ ተለቀመ፤ ክብደቱ ሁሉ ቢደመር ከ10 ኪሎ ግራም ጥቂት ይበልጣል። ከ80 ቶን የተረፈው ይኸው ነው።

ምስክርን እንዲህ መጠየቅ ዛሬ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙ ውርደት ያለፈበት ትምህርት ነው። በ18ኛው መቶ ዓመት በአውሮፓ «ድንጋይ ከሰማይ ወደቀ» የሚል ገበሬ መሳቂያ ነበር። በ1768 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ ሉሴ በተባለች ስፍራ የወደቀውን ድንጋይ እንዲመረምር የተሰየመው ቡድን፣ ታላቁ የኬሚስትሪ ሊቅ ላቯዚዬ እያለበት፣ ድንጋዩ መብረቅ የመታው ተራ ድንጋይ ነው ብሎ ፈረደ። በ1794 እ.ኤ.አ. ኧርንስት ክላድኒ የሚባል ጀርመናዊ እነዚህ ድንጋዮች ከጠፈር የመጡ ናቸው የሚል መጽሐፍ ቢያወጣ ብዙዎች ተሳለቁበት። ከዚያ ኤፕሪል 26 ቀን 1803 እ.ኤ.አ. በሌግል ከተማ አካባቢ 3,000 ያህል ድንጋዮች ዘነቡ። የተላከው ወጣት ሊቅ ዣን ባቲስት ቢዮ በቀጥታ ወደ ስፍራው አልሮጠም። ከሩቅ ጀምሮ፣ መንገደኛውን፣ ገበሬውን፣ ቄሱን፣ እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁትን እየጠየቀ ቀስ በቀስ ቀረበ። ቃላቸው ገጠመ፤ ድንጋዮቹም በዚያ አገር ከሚገኘው ድንጋይ የተለዩ ሆኑ። እንግዲህ የተሳሳተው ሊቁ፣ እውነቱን የተናገረው ገበሬው ነበር።

ታዲያ ያየሁት ሁሉ እውነት ነው ለሚል ሰው ይህ መከራከሪያ ይሆነዋልን? ጁን 24 ቀን 1947 እ.ኤ.አ. ኬነዝ አርኖልድ የተባለ አሜሪካዊ አብራሪ በዋሽንግተን ግዛት ተራሮች አጠገብ ዘጠኝ የሚያብረቀርቁ ነገሮች ሲበሩ ማየቱን ተናገረ። አበራረራቸው ውሃ ላይ እንደ ተወረወረ ሳህን ነጠር ነጠር የሚል መሆኑን ገለጠ። ስለ አበራረሩ የተናገረውን ጋዜጦች የቅርጹ ስም አደረጉትና «በራሪ ሳህን» ተወለደ፤ ከዚያ ወዲህም ሳህን አየሁ የሚለው በዛ። የአሜሪካ አየር ኃይል እስከ 1969 እ.ኤ.አ. ድረስ 12,618 ምስክርነቶችን መዝግቧል። አብዛኞቹ ፊኛ፣ አውሮፕላን፣ ኮከብ የመሳሰሉት ሆነው ሲገኙ፣ 701ዱ ሳይታወቁ ቀሩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ያልታወቀ» ማለት ያልታወቀ ማለት ብቻ ነው፤ ከሌላ ዓለም መጣ ማለት አይደለም፤ ውሸት ነው ማለትም አይደለም። በ2023 እ.ኤ.አ. ናሳ ያቋቋመው የሊቃውንት ቡድን ያቀረበው ሪፖርትም ነገሮቹ ከምድር ውጭ መምጣታቸውን የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘም፤ ይልቁንም የተሰበሰበው መረጃ ጥራት ማነሱን አመልክቷል።

ያልታወቀውን ነገር ሩቅ አገር መስጠት ግን የአሜሪካ ጠባይ ብቻ አይደለም፤ ድንበሩ ይመሰክራል። ዛር በጎንደርም በሱዳንም ይታወቃል፤ ስሙ እንኳ አንድ ነው። በሱዳን ዛር ያለባቸው ሴቶች ከሚያስተናግዷቸው መናፍስት መካከል ሐበሽ የተባለ ወገን አለ፤ ኢትዮጵያዊ መንፈስ ማለት ነው። የቱርክና የፈረንጅ መንፈስም አለ። መንፈሱ ብዙውን ጊዜ የጎረቤት ልጅ አይደለም፤ ከሩቅ የመጣ እንግዳ ነው።

በ1932 እ.ኤ.አ. በማርሴል ግሪዮል የሚመራ የፈረንሳይ አጥኚ ቡድን በሱዳን አቋርጦ፣ በገላባት በኩል ወደ ጎንደር ገብቶ ነበር። ከአባላቱ አንዱ ሚሼል ሌሪስ በጎንደር ከዛር ባለቤቶች ጋር ወራት ተቀመጠ። ደብተሩን ይዞ፣ ሴቲቱ የምትጮኸው እያስመሰለች ነው ወይስ በእርግጥ ተይዛ ነው እያለ ሲጠይቅ ከረመ። በ1958 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናቱ ግን ጥያቄውን በዚያ መልክ አልመለሰውም። ዛሩ የሚጫወቱት ብቻ ሳይሆን የሚኖሩትም ቴአትር ነው ሲል ጻፈ፤ ማስመሰሉና እምነቱ የማይለያዩበት ስፍራ አለ። ዛር ከአሸዋ ላይ የሚለቀም ስብርባሪ አያስቀርም፤ ስለዚህ ተማሪ ተሰልፎ አያገኘውም። የሴቲቱ ሕመምና ማታ በከበሮው ያገኘችው ዕረፍት ግን ያዩት ሁሉ የሚመሰክሩት ነው።

የአልማሐጣ ሲታ ድንጋይ ደግሞ ወደ ቤተ ሙከራ ገባ። ኡሬይላይት ከሚባለው ብርቅ ወገን ሆኖ ተገኘ፤ በውስጡም ጥቃቅን አልማዞች ነበሩበት። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት፣ እነዚህ አልማዞች በሜርኩሪና በማርስ መካከል ያለ ግዝፈት በነበራት፣ ሥርዓተ ፀሐይ ገና በልጅነቱ ሳለ ተሰባብራ በጠፋች ፕላኔት ሆድ ውስጥ የተፈጠሩ ሳይሆኑ አይቀሩም ይላል። በሰሊጡ ማሳ ተጋድሞ «ከሌላ ዓለም የመጣ በራሪ አካል ነው» የሚለው ያ ወጣት፣ በዚያ ሌሊት በስድስተኛው ጣቢያ ቢገኝ ኖሮ ቃሉ ልክ በሆነ ነበር። ነጂ ግን አልነበረውም።