የመርፌዋ ቀዳዳ

እኔ የ7ኛ ክፍል ተማሪና የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል ነኝ። ዛሬ የምጽፍላችሁ አምና በሰኔ፣ በወላጆች ቀን ከእናቴና ከታናሽ ወንድሜ ጋር ስለተወዳደርነው የመሰናክል ሩጫ ነው። መጨረሻ እንደወጣን አይታችኋል፤ የሳቃችሁም አላችሁ። ለምን መጨረሻ እንደወጣን ግን አልነገርኳችሁም።

ከውድድሩ በፊት የስፖርት መምህራችን ሰብስበው ስለ መሰናክል ሩጫ አስረዱን። በ3000 ሜትር መሰናክል ሯጩ 28 ጊዜ እንጨቱን፣ 7 ጊዜ ደግሞ ውኃ ያለበትን ይዘላል። እንጨቱ ሲመቱት አይወድቅም፤ ስለዚህ በእግር ረግጦ ማለፍ ይፈቀዳል። የዓለም ሪከርዱ የኛው የለሜቻ ግርማ ነው፤ በ2015 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ በ7 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ ገብቷል። «እሱም ቢሆን በ2016 ዓ.ም. የፓሪስ ኦሎምፒክ መጨረሻው ዙር ላይ መሰናክሉ ጠልፎት ወድቋል፤ እናንተም ብትወድቁ አትፈሩ» አሉን።

የኛው ግን ለጨዋታ ነው። አንድ ቡድን ሦስት ሰው አለው፤ ተማሪ፣ ወላጅና ትንሽ ልጅ። መጀመሪያ ሦስቱም በተወጠረ ገመድ ሥር በደረታቸው ይሳባሉ። ከዚያ ተማሪው ጆንያ ውስጥ ገብቶ ይዘላል፤ ትንሹ ልጅ በአሮጌ የመኪና ጎማዎች ውስጥ እየረገጠ ያልፋል፤ ወላጅ መርፌ ላይ ክር ያስገባል፤ በመጨረሻ ሦስቱም በጣሳ ውኃ ይዘው ሳያፈሱ ይሮጣሉ። ሽልማቱ አንድ ደርዘን ደብተር ነበር።

እኔ ደብተሩን እንዳገኘሁት ነው የቆጠርኩት። ለምን ብትሉ እማየ ጥልፍ አዋቂ ናት። ቤታችን ያለው የመሶብ ልብስ የሷ እጅ ነው። ጎረቤት ልጁን ሲድር ቀሚስ የምትጠልፈው እሷ ነበረች። «መርፌው ጋ ስንደርስ ማንም አይቀድመንም» ብየ ለጓደኞቼ ጉራየን ነፍቻለሁ።

የዚያን ቀን ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር ሜዳው ጭቃ ነው። ፊሽካው ተነፋ። እማየ ኮንጎዋን አውልቃ ወርውራ፣ መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ በገመዱ ሥር ስትሳብ ተማሪው ሁሉ አጨበጨበ። እኔ ጆንያው ውስጥ ሁኜ ሁለት ጊዜ ወደቅሁ፤ አፌ ድረስ ጭቃ ገባ፤ ግን ተነሣሁ። ወንድሜ ጎማዎቹን እንደ ጥጃ እየዘለለ አለፋቸው። መርፌው ጋ የደረስነው አንደኛ ሁነን ነው!

እማየ መርፌውን አነሣች። ክሩን በምራቋ አርጥባ ጫፉን አሾለችው። ገፋችው፤ በመርፌው ጎን አለፈ። እንደገና ገፋችው፤ አሁንም በጎን አለፈ። ዓይኗ እንባ ያዘ፤ በነጠላዋ ጠረገችው። ሌላዋ እናት ደረሰች፤ አስገብታ ሄደች። ሦስተኛዋም ሄደች። ሰው መሳቅ ጀመረ። እኔ ተናድጄ «እማየ ቶሎ በይ እንጅ! ምን ሁነሽ ነው?» ብየ ጮህኩባት። ቀስ ብላ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ፣ «ልጄ፣ ቀዳዳው አይታየኝም» አለችኝ።

መምህራችን መጥተው «አንቺ አስገቢላት» አሉኝ። አስገባሁና ሮጥን። ውኃውን ግን ግማሹን ደፋሁት። ስንገባ ሌሎቹ ደብተራቸውን ተቀብለው ነበር። እስከ ቤት ድረስ አላናገርኳትም። አሁን ሳስበው የማፍረው በመጨረሻነታችን አይደለም፣ በዚህ ነው።

ማታ ተኝቼ ሳስብ ብዙ ነገር መጣልኝ። እማየ ጥልፍ ከተወች ሁለት ዓመት ሁኗታል፤ እኔ ሥራ በዝቶባት ነው እል ነበር። «ነይ ክር አስገቢልኝ» ስትለኝ የምታዘኝ ለማላመድ ይመስለኝ ነበር። ጧት ጧት ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቀች ወረንጦ ይዛ ዓይኗ አጠገብ የምትነቅለውን ደግሞ ቅንድቧን የምታሳምር ነበር የመሰለኝ። ጧት ጠየቅኳት። «የዓይኔ ፀጉር ወደ ውስጥ እየዞረ ይወጋኛል፤ ስነቅለው ጥቂት ቀን ያርፍልኛል» አለችኝ።

የሳይንስ መምህራችንን ስጠይቃቸው የዓይን ማዝ፣ ማለት ትራኮማ መሆኑን ነገሩኝ። በዝንብ፣ በእጅና በጋራ በምንጠርግበት ጨርቅ ይተላለፋል። በልጅነት ተደጋግሞ ሲይዝ የዓይን ቆብን ከውስጥ ያጠባብሰዋል፤ ከዓመታት በኋላ ፀጉሩ ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌኑን ይፍቀዋል፤ ካልታከመ ያሳውራል። በክልላችን ብዙ ሰው ያለበት በሽታ ነው። ለካ በየመንደሩ ቁመታችንን በዱላ እየለኩ የሚሰጡን መድኃኒት ለዚሁ ነው! እኔ አንዴ መረረኝ ብየ ጎተራ ኋላ ተደብቄ አውቃለሁ።

ቀዶ ሕክምና አለው ስላት እማየ «ዓይኔን በምላጭ? ዝም በይ!» አለች። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ድረስ መጥታ የሚቀደደው ዓይኑ ሳይሆን ቆቡ መሆኑን፣ አደንዝዘው እንደሚሠሩት፣ በዚያው ቀን ወደ ቤቷ እንደምትመለስ አስረዳቻት። አሁንም ፈራች። እኔም «እማየ፣ ሰው ሁሉ እያየ በጭቃ ላይ በደረትሽ ተስበሽ የለም ወይ?» አልኳት። ሳቀች። በሳምንቱ ከአባየ ጋር ሄደች፤ ዓይኗ ታሽጎ ተመለሰች፤ በማግስቱ ተፈታላት።

አሁን አይወጋትም፤ ወረንጦውንም ጥላዋለች። ግን ብሌኑ ቀድሞ ስለተጎዳ የጠፋው ሁሉ አይመለስም ብለዋታል። የመርፌ ቀዳዳ ዛሬም አይታያትም። ጥልፍ ስታምራት ክሩን የማስገባው እኔ ነኝ፤ ሳትጠራኝ እሄዳለሁ።

ውድ አንባቢዎች፣ እናታችሁ ወይም አያታችሁ ጧት ወረንጦ ይዘው ካያችሁ ምን ሁነው እንደሆነ ጠይቁ። እኔ ሁለት ዓመት አይቼ አልጠየቅኩም። የታናናሾቻችሁንም ፊት በየቀኑ አጥቡ።

ለስፖርት መምህራችን ደግሞ አንድ ጥያቄ አለኝ። የዘንድሮው የወላጆች ቀን ደርሷል፤ እማየ እንደገና እንመዝገብ ብላለች። እባክዎ መርፌውን ለተማሪ፣ ጆንያውን ለወላጅ ያድርጉልን። እማየ ጆንያ ውስጥ ስትዘል ማየት የሚፈልግ ሁሉ በዕለቱ እንዳይቀር።