አንድ ዓመት የዘገየው ሹመቴና የአባቴ ቦክስ ፋይል

በሙያዬ ነርስ ነኝ። አገር ቤት ብሆን “ሲስተር” እባል ነበር። እዚህ ሜሪላንድ በምሠራበት ሆስፒታል ስሜን አሳጥረው ይጠሩኛል። በወር አንድ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ የወታደር ልብስ ለብሼ “ሻምበል” እባላለሁ። የዛሬው ወጌ ስለዚህች ሻምበልነት ነው። በትክክል ለመናገር፣ ስለ ማዕረጉ ሳይሆን ማዕረጉ ስለሚቆጠርበት ቀን ነው።

ነገሩን ለማያውቅ ባጭሩ ላስረዳ። የአሜሪካ ተጠባባቂ ጦር አባል ማለት ከሰኞ እስከ ዓርብ የራሱን ሥራ እየሠራ፣ በወር አንድ ቅዳሜና እሁድ፣ በዓመት ደግሞ ሁለት ሳምንት ያህል የሚለማመድ፣ ሲጠራ የሚሄድ ሰው ነው። ዲግሪ ያላት ነርስ የምትገባው በመኮንንነት ነው። እኔም እ.ኤ.አ. በ2012 ምክትል መቶ አለቃ ሆኜ ገባሁ። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የሳበኝ የትምህርት ዕዳዬን ያቃልሉልኛል የሚለው ነገር ነበር። እየቆየሁ ግን ሥራውን ወደድኩት። በ2014 መጀመሪያ ቴክሳስ ሳን አንቶኒዮ ሄጄ ለሕክምና መኮንኖች የሚሰጠውን የመጀመሪያ ኮርስ ጨረስኩ፤ በዚያው ዓመት መቶ አለቃ ሆንኩ።

ከመቶ አለቃ ወደ ሻምበል የሚያሻግረው የሹመት ቦርድ ነው። ቦርዱ ሰውን ጠርቶ አያነጋግርም። የሚያየው ፋይል ነው። ምን ተማረች፣ አለቆቿ ምን ጻፉላት፣ የሚፈለግባትን ኮርስ ጨርሳለች ወይ? ፋይሉ ውስጥ ያለው አለ፤ የሌለው የለም።

በ2017 ዝርዝሩ ወጣ። ስሜ የለም።

ያን ቀን የሌሊት ፈረቃ ነበረብኝ። ለባለቤቴ እንኳ ሳልነግረው ወጣሁ። ሌሊቱን ሙሉ የበሽተኛ ግፊት እየለካሁ በልቤ የራሴን ጉድለት ስቆጥር አደርኩ። አነጋገሬ ይሆናል፤ አስተያየቴን ፈጥኜ አልናገርም፤ ስብሰባ ላይ ዝም እላለሁ፤ እንግሊዝኛዬ እንደ እነሱ አይደለም። እንዲህ እያልኩ አራት ወር ያህል ከረምኩ። እናንተም ታውቁታላችሁ፣ እኛ ስንቀር መጀመሪያ የምንጠረጥረው ራሳችንን ነው። የሚያስፈራው ደግሞ ሌላ ነው፤ በሕጉ መሠረት አንድ መቶ አለቃ ሁለት ጊዜ ቦርድ ፊት ቀርቦ ሁለቱንም ጊዜ ካለፈው ከጦሩ ይሰናበታል። አንዱን ጨርሻለሁ ማለት ነው።

ከዚህ ሐሳብ ያወጣችኝ አንዲት በዕድሜም በማዕረግም የምትበልጠኝ ነርስ ናት። አንድ ቅዳሜ ምሳ ላይ ፊቴን አይታ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። አላጽናናችኝም። “ፋይልሽን ከፍተሽ አይተሻል?” ብቻ አለችኝ።

አላየሁም ነበር። ማታ ቤት ገብቼ ከፈትኩት። የአለቆቼ ግምገማ አለ፤ የዲግሪዬ ማስረጃ አለ፤ የክትባት መዝገብ ሳይቀር አለ። የሳን አንቶኒዮው ኮርስ ወረቀት የለም። ለቦርዱ እኔ ያንን ኮርስ ያልተማርኩ መኮንን ነበርኩ። ወረቀቱን በጊዜው ለክፍላችን ጽሕፈት ቤት ልኬ ነበር። ከዚያ በኋላ የት እንደገባ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም።

እፎይታና ንዴት አንድ ላይ መጡብኝ። አነጋገሬም እንግሊዝኛዬም አልነበረም፤ አንዲት ወረቀት ናት።

ከትምህርት ቤቱ ሌላ ቅጂ አስወጥቼ አስገባሁ። ሁለተኛው ቦርድ መረጠኝ፤ በ2018 ጁን ወር ሻምበል ሆንኩ። ባለቤቴ ኬክ ገዛ፤ ጓደኞቼ እልል አሉ። እኔ ግን ውስጤ አልረጋም። “በቃ ተሾምሽ፤ ምን ቀረሽ?” አሉኝ ሁሉም።

የቀረኝ ቀኑ ነው። በጦር ውስጥ የማዕረግ ቀን ትልቅ ነገር ነው። ሁለት ሻምበሎች ቢገናኙ ቀደም ብሎ የተሾመው ይበልጣል። ሻለቃ ለመሆን የሚጠበቀው ዓመትም የሚቆጠረው ከዚያ ቀን ነው። ደግሞ “በመጀመሪያው ቦርድ አልተመረጠችም” የሚለው ቃል መዝገቤ ላይ እንደተቀመጠ ነው። ገንዘቡ እንኳ ያን ያህል አልነበረም። የተጠባባቂ አባል ለአንድ ቅዳሜና እሁድ የሚከፈለው የወር ደመወዝ ሠላሳ ቦታ ተከፍሎ አራት እጁ ነው፤ በመቶ አለቃና በሻምበል መካከል ያለውን ልዩነት በዚህ ስታሰሉት ለዓመቱ ብዙ ሐብት አይወጣውም። እኔ የፈለግሁት ያላጠፋሁት ጥፋት ከስሜ ሥር እንዲፋቅ ነው።

ጉዳዩን ለሚመለከተው ቢሮ አመለከትኩ። መልሱ አጭር ነበር፤ መኮንን የራሱን ፋይል የመፈተሽ ኃላፊነት አለበት፤ ስህተቱን ጠንቅቀሽ ብታይ ኖሮ ቀድመሽ ታርሚው ነበር፤ ስለዚህ ጥያቄሽን አልተቀበልነውም።

እዚህ ላይ ሐቁን ልናገር። ከቦርዱ በፊት “ፋይልሽን አይተሽ አረጋግጪ” የሚል መልእክት ደርሶኝ ነበር። ያኔ ልጄ የሦስት ወር ጨቅላ ናት፤ ሌሊት እሠራለሁ፤ ቀን አጠባለሁ። ነገ አየዋለሁ እያልኩ ቀኑ አለፈ። ስለዚህ ቢሮው የተናገረው ከፊሉ እውነት ነው። ግን እኔም ወረቀቱን በጊዜው ልኬያለሁ። ያንን የሚያሳየው ኢሜይል ደግሞ የጦሩ የመልእክት ሥርዓት ሲቀየር አብሮ ጠፍቷል። ሐቅ አለኝ፣ ማስረጃ የለኝም።

እንዲህ ሆኜ ለ2011 ዓ.ም. ጥምቀት ልጄን ይዤ አዲስ አበባ መጣሁ።

አባቴ ጡረታ የወጣው ከአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ነው። ዕድሜውን ሙሉ ገቢና ወጪ ደብዳቤ ሲመዘግብ የኖረ ሰው ነው። እኛ ቤት የመብራት ደረሰኝ አይጣልም። ልጆች ሳለን የሦስተኛ ክፍል የፈተና ወረቀታችንን ሳይቀር ወግቶ ያስቀምጥ ነበር፤ እንስቅበት ነበር። “በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል” የምትለው ተረት የእሱ ናት፤ ባይፈጥራትም በቀን ሁለት ጊዜ ይላታል።

ቡና ተፈልቶ ሁለተኛው ሲቀዳ ታሪኩን ነገርኩት። አባባ ሲኒውን አስቀመጠ።

“ያቺ የቴክሳሷ ወረቀት ናት?” አለኝ።

“አዎ አባባ። አንተ በምን አወቅህ?”

መልስ ሳይሰጠኝ ተነሥቶ መኝታ ቤት ገባ። ከቁም ሣጥኑ ላይ ጥቁር ቦክስ ፋይል አወረደ። ጀርባው ላይ ስሜ ተጽፏል፤ የእኔ ብቻ ነው። አሜሪካ ከሄድኩ ጀምሮ የላክሁት ፎቶ፣ ፖስታ ካርድ፣ የምረቃ ጥሪ በተራ ተሰክቷል። አንድ ሁለት ገጽ አወጣና ጭኔ ላይ አኖረው።

ያኔ በ2014 ማርች 14 ቀን ያንን ምስክር ወረቀት ለክፍላችን ጸሐፊ በኢሜይል ስልክ፣ “ለአባባ አሳየው” ብዬ ለወንድሜም በዚያው መልእክት ግልባጭ አድርጌለት ኖሯል። ወንድሜ ደግሞ ፒያሳ ኢንተርኔት ቤት ገብቶ መልእክቱን ከነአናቱ አትሞለታል። ማን እንደላከ፣ ለማን እንደተላከ፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ተያይዞ የሄደው ፋይል ስም ሁሉም አለ። ሁለተኛው ገጽ ራሱ ምስክር ወረቀቱ ነው። ወንድሜ ያንን የኢሜይል አድራሻ የይለፍ ቃል ከረሳው ዓመታት ሆኖታል፤ እኔም ለእሱ መላኬን ፈጽሞ ረስቼዋለሁ። ከወረቀቱ ጀርባ በአባቴ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፤ “ከልጄ የተላከ የትምህርት ማስረጃ፣ ገጽ 2። መጋቢት 9 ቀን 2006 ዓ.ም. ደረሰኝ።” ሥሩ ላይ ፊርማ አለ።

አለቀስኩ። አባባ ግን የመዝገብ ቤት ሰው ነውና፣ “ዋናውን አልሰጥሽም፤ ኮፒ አድርገሽ መልሺልኝ” አለኝ።

አሜሪካ ተመልሼ ለጦሩ የመዝገብ ማረሚያ ቦርድ አመለከትኩ። ይህ ቦርድ አባላቱ ሲቪሎች ናቸው። መሠረቱ በ1946 የወጣ ሕግ ነው፤ ከዚያ በፊት መዝገቡ የተበላሸበት ወታደር ኮንግሬስ በስሙ ልዩ ሕግ እንዲያወጣለት መለመን ነበረበት። ዛሬ ዲዲ 149 የሚባል ቅጽ ሞልቶ መላክ ብቻ ነው። ክፍያ የለውም፤ ጠበቃም ግዴታ አይደለም። ስህተቱን ካወቁ በሦስት ዓመት ውስጥ ማመልከት ያስፈልጋል፤ የማስረዳት ሸክሙ ግን የአመልካቹ ነው። ቦርዱ መዝገቡ ትክክል ነው ብሎ ይነሣል፤ ስህተት መሆኑን የምታሳየው አንተ ነህ።

ቅጹን እኔና ባለቤቴ የኩሽና ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠን ሞላነው። ከተጠቀሰው ይልቅ የጀርባው ጽሑፍ አስጨነቀን። ኢሜይሉ የተጻፈው በ2014 ነው፤ አባቴ “ደረሰኝ” ያለው በ2006 ነው። የእኛን አቆጣጠር የማያውቅ ሰው ይህን ቢያይ ከመጻፉ ስምንት ዓመት በፊት የደረሰ ደብዳቤ ነው የሚመስለው! ባለቤቴ “የጀርባውን ተዪው” አለኝ። እኔ እምቢ አልኩ፤ የአባቴን ፊርማ አላስቀርም። ጽሑፉን አስተርጉሜ፣ መጋቢት 9 ቀን 2006 ማለት በእነሱ ማርች 18 ቀን 2014 መሆኑን የሚያስረዳ ገጽ ጨመርኩበት። ልጄ ጨቅላ በነበረችበት ጊዜ ፋይሌን አለማየቴንም አልደበቅሁም። ጻፍኩት።

ከዚያ መጠበቅ ነው። ሕጉ ማመልከቻ ከ18 ወር በላይ እንዳይቆይ ያዝዛል። የእኔ አሥራ አራት ወር ፈጀ። መሐል ላይ ኮሮና መጣ። ያን ጸደይ ሆስፒታላችን እንዴት እንደነበር አልተርክም፤ የሹመት ቀን የሚባል ነገር መኖሩንም ረስቼ ነበር። በ2020 በጋ አንድ ጠዋት ከፈረቃ ስመለስ ፖስታውን አገኘሁት። ጫማዬን በር ላይ እንዳወለቅሁ ቆሜ አነበብኩ።

ቦርዱ በሚዛን ሲታይ ወረቀቱን በጊዜው መላኬ ተረጋግጧል፤ በሌላ ሰው እጅ ለጠፋው እሷ ልትጎዳ አይገባም ብሏል። ፋይሌ ተሟልቶ በልዩ የሹመት ቦርድ እንደገና እንዲታይ ወሰነ። ልዩ ቦርዱም መረጠኝ። በ2021 መጀመሪያ ትእዛዙ መጣ፤ የሻምበልነቴ ቀን ወደ ጁን 6 ቀን 2017 ተመለሰ፤ “አልተመረጠችም” የሚለውም ተሰረዘ። የተከፈለኝ ውዝፍ ለልጄ አልጋና ለአንድ ማቀዝቀዣ በቃ።

ለአባቴ ደወልኩለት። ደስ ይለዋል ብዬ ስጠብቅ ዝም አለ። ቆይቶ፣ “እኔም አንድ ጊዜ እድገቴ ሁለት ዓመት ዘግይቶ ነበር” አለኝ። ሰምቼው አላውቅም። “ደብዳቤዬ ከሌላ ሰው ፋይል ውስጥ ገብቶ ተገኘ። ለአንድ ወረቀት ሰው አላስቸግርም ብዬ ተውኩት። ጡረታዬም በዚያው ታሰበ። የሰው ሁሉ መዝገብ ስጠብቅ የራሴን አላስጠበቅሁም።”

“ለምን ሳትነግረን አባባ?”

“ይሉኝታ ነዋ ልጄ።”

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ያቺ ቃል ከእኔ ጋር ቀረች። እኛ ዘንድ መብትን መጠየቅ እንደ ስግብግብነት ይቆጠራል። “ይለፍ፣ እግዜር ያያል” እንላለን። እግዜርማ ያያል፤ የሹመት ቦርድ ግን የሚያየው ፋይሉን ነው። የልደት ዘመኑ በጡረታ መዝገብ የተሳሳተበት፣ የአገልግሎት ዘመኑ የተቆረጠበት፣ የአባቱ ስም አንድ ፊደል የጎደለበት ስንት ሰው አለ? እስቲ ዛሬ ቤት ስትገቡ ወረቀታችሁን አንድ ጊዜ ግለጡት። ደብዳቤ ስታስገቡ ግልባጩ ላይ “ደረሰ” አስብላችሁ ያዙ። እኔ ይህን የተማርኩት አንድ ዓመት ተቀንሶብኝ ነው።

ከዚያ በሳምንቱ አባባ ራሱ ደወለ። ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ፣ “ያ የታረመው ቀን በእኛ ስንት ነው?” አለኝ።

ቆጥሬ ነገርኩት፤ “ግንቦት 29 ቀን 2009።”

“ቆይ ልጻፈው” አለኝ። በስልኩ ውስጥ የቦክስ ፋይሉ ክዳን ሲከፈት ይሰማኝ ነበር።