ሦስት ቋንቋ በአንድ የማንጎ መደብ

ከነቀምቴ ወደ ምዕራብ የሚወስደው መንገድ መጀመሪያ ወደ ዴዴሳ ሸለቆ ይወርዳል። ሙቀቱ በመኪናው መስኮት ይገባል፤ ወንዙን ከተሻገሩ በኋላ መንገዱ እንደገና ወደ ጊምቢ ይወጣል። ከዚያ ወዲያ ያለው አገር ቡና ነው። የሄድኩት መንገዱ ለመንገደኛ እንደ አሁኑ ሳይከብድ በፊት ነበር። ፍላጎቴ አንድ ነው፦ በቤጊ ዙሪያ የሚነገሩትን ሆዞንና ሴዜን በጆሮዬ መስማት።

ነቀምቴ ለእንዲህ ዓይነቱ ጉዞ ጥሩ መነሻ ናት። በልጅነቱ ተጠልፎ ለባርነት የተሸጠው፣ ምጽዋ ላይ ነጻ ወጥቶ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማረው ኦነሲሞስ ነሲብ፣ ወደ አፋን ኦሮሞ የመለሰው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 እ.ኤ.አ. በግዕዝ ፊደል ታተመ። አብራው የሠራችው አስቴር ጋኖም እንደ እሱ ከባርነት የወጣች ናት። ተረቱን፣ ምሳሌያዊ አነጋገሩን፣ ዘፈኑንና እንቆቅልሹን ከትዝታዋ እየቀዳች ጻፈች፤ ከዚያም ከፊሉ በ1894 እ.ኤ.አ. በወጣው የጀማሪዎች ማንበቢያ ውስጥ ገባ። ኦነሲሞስ በ1904 እ.ኤ.አ. ወደ ወለጋ ተመልሶ በነቀምቴ አስተማረ፤ በ1931ም እዚያው አረፈ። የነቀምቴ ሰው ይህን ሁሉ ከእኔ በላይ ያውቀዋል፤ ቢሆንም ሳልደግመው ማለፍ አልቻልኩም። የእናቱን ቋንቋ በወረቀት ላይ ለማየት ብዙ የጠበቀ ሕዝብ ያለባት ከተማ ናትና፣ ስለ ትንንሾቹ ቋንቋዎች ስጠይቅ ጥያቄዬ እንግዳ የሆነበት ሰው አላገኘሁም።

ደምቢ ዶሎ ወርቅ አንጥረኞቿና ጠጇ የሚነሳላት ከተማ ናት። እኔን የሳበኝ ግን ከእሷ በስተምዕራብ ያለው አንፊሎ ነው። አንፊሎኛ የካፊኛና የሸክኛ ዘመድ ነው፤ ከዓባይ ማዶ ያለው ሺናሻም ወንድሙ ነው። በመካከላቸው የተዘረጋው ሰፊ አገር ዛሬ ኦሮሞኛ ይናገራል። የአንፊሎ ገዥዎች የነበሩት የቡሳሴ ልጆችም አፋቸውን በአፋን ኦሮሞ ፈተዋል። ከ30 ዓመታት በላይ በፊት የተሰበሰበ መረጃ የአንፊሎኛ ተናጋሪዎችን 500 ያህል ብሎ፣ ሁሉም ከ60 ዓመት በላይ መሆናቸውን ይገልጽ ነበር። ጫካውን አቋርጬ ስሄድ በየመንደሩ የሰማሁት ኦሮሞኛ ብቻ ነው፤ የሚያምር ኦሮሞኛ። ቢሆንም ከፋኝ።

ይህን በሆዴ ይዤ ነው ቤጊ የደረስኩት። ቤጊ ደግሞ አስደነገጠችኝ፤ በደስታ።

የገበያ ቀን ነበር። የቀርከሃ ቅርጫት፣ ዝንጅብል፣ ማርና ማንጎ መሬት ላይ ተዘርግቷል። ማንጎ የሚሸጡ አንዲት እናት ከገዢ ጋር በአፋን ኦሮሞ ዋጋ ይከራከራሉ፤ ጎናቸው ካለችው ባለ ዝንጅብል ጋር በጓማ ይጫወታሉ፤ ዞር ብለው ደግሞ ሴት ልጃቸውን በሆዞ ያዛሉ። ኦሮሞኛ ኩሻዊ ነው፤ ጓማን ሊቃውንት ከናይሎ ሳህራን ይመድቡታል፤ ሆዞ እንደ ሴዜ ሁሉ ከኦሞአውያኑ የማኦ ቋንቋዎች አንዱ ነው። ሦስት የቋንቋ ቤተሰቦች በአንድ የማንጎ መደብ! እሳቸው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገሩ ትንፋሽ እንኳ አይቀይሩም። ቆሜ ማዳመጤን አይተው ሳቁብኝ፤ ማንጎም አበሉኝ።

ማታ ቤታቸው ቡና ተፈላ። እኔ «አዴ» እላቸዋለሁ፣ እሳቸው «ኦቦ» ይሉኛል፤ መምህር የሆነው ልጃቸው በመካከላችን ያስተረጉማል። «ከልጆቼ ጋር ሆዞ ነው የምናወራው» አሉኝ። «የልጅ ልጆቼ ግን እኔ በሆዞ ስጠራቸው አቤት የሚሉኝ በኦሮሞኛ ነው። ይሰሙኛል እኮ! ምላሳቸው ነው እንጂ ጆሯቸው አልሄደም።»

ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ትምህርት ቤቱም፣ ጤና ጣቢያውም፣ ፍርድ ቤቱም፣ የሚመጣው ሙሽራም በኦሮሞኛ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. የሆዞም የሴዜም ተናጋሪዎች እያንዳንዳቸው 3,000 ያህል ተብለው ተገምተው ነበር። የክልል ድንበርም አለ። ከቤጊ አጠገብ ያለው ቶንጎ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ውስጥ ነው፤ የዚያ ክልል ሕገ መንግሥት ማኦንና ኮሞን ከቤርታ፣ ከጉሙዝና ከሺናሻ ጋር በስም ይጠራቸዋል። ቤጊ ላይ፣ በኦሮሚያ ውስጥ፣ ያው ማኦ እንዲህ ያለ ስፍራ የለውም። የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 39 ግን ማንኛውም ብሔረሰብ በቋንቋው የመናገር፣ የመጻፍና ቋንቋውን የማሳደግ መብት እንዳለው ሲደነግግ በሰው ብዛት አልወሰነውም። ቤጊ ላሉ ልጆች በሆዞና በሴዜ የመጀመሪያ ክፍል ማንበቢያ ማዘጋጀት የሚቻል ነገር ነው ብዬ አምናለሁ። አፋን ኦሮሞ በዚህ ምንም አይጎድልበትም፤ አዴም ቢሆኑ ከኦሮሞኛቸው ምንም አልጣሉም።

ልጃቸው መንግሥት እስኪያዘጋጅለት አልጠበቀም። እናቱ የሚነግሩትን ተረት በቁቤ፣ በኦሮሞኛው የላቲን ፊደል፣ ይጽፋል። ያስቸገረው ቃናው ነው። በማኦ ቋንቋዎች የድምፅ ከፍታና ዝቅታ ትርጉም ይለያል፤ ቁቤ ደግሞ ለዚህ የሚሆን ምልክት የለውም። ስለዚህ ከፊደሎቹ አናት ላይ ጭረት ማድረግ ጀምሯል። ለከፍተኛው ብቻ ይበቃል ወይስ ለዝቅተኛውም ያስፈልጋል ብለን ቡናው እስኪቀጥን ተከራከርን፤ እኔ ለሁሉም ይሁን አልኩ፣ እሱ ልጆቹን ያደናግራል አለ። ዳኛዋ እናቱ ሆኑ። ደብተር ማንበብ አይችሉም፤ እሱ የጻፈውን ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል፣ የተበላሸ ቃና ሲሰሙ እጃቸውን ያነሳሉ። አንዷን ዓረፍተ ነገር ደጋግመው አስነበቡት። በመጨረሻ «አዎ፣ አሁን ጅቡ ተናገረ» ብለው ወደሚቀጥለው ተረት አለፉ።