ቤትን ከኋላ አስከትሎ መጓዝ

ቤት መልቀቅ፥ ሰው በዚህ ዓለም መንገደኛ መሆኑን ከሚያሳስቡት ነገሮች አንዱ ነው። በአገራችን አንድ ቤተ ሰብ ከሰፈር ወደ ሰፈር ሲዛወር ጐረቤት ተሰብስቦ ዕቃውን ያወጣለታል፤ መንገዱም የራቀ እንደ ሆነ የጭነት መኪና ከነሹፌሩ ይከራያል። በአሜሪካ ግን ሹፌርና ጫኝ አውራጅ ቀጥሮ ሩቅ አገር መዛወር ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ስለ ሆነ፥ አያሌ ሰው ተሳቢ ብቻ ተከራይቶ ከገዛ መኪናው ኋላ ያሥርና ቤቱን ራሱ እየጐተተ ይሄዳል። በዚያ ከሚኖሩት ወገኖቻችንም፥ እንጀራ ወይም ትምህርት ወይም ዘመድ በጠራቸው ጊዜ፥ በዚህ ዐይነት ከከተማ ወደ ከተማ የሚሻገሩ አሉ። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ የተማርሁትን ለቤተ ሰብ አባቶችና እናቶች ማካፈል ያለ ጥቅም አይሆንም ብዬ አሰብሁ።

የተሳቢ ኪራይ በዚያ አገር የተስፋፋው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ሊዮናርድ ሾን የተባለ ሰው ከባሕር ኃይል በተሰናበተበት በ1945 እ.ኤ.አ.፥ ከባለቤቱ ከአና ሜሪ ጋር ሆኖ፥ በዋሽንግተን ግዛት ሪጅፊልድ በምትባል ትንሽ ከተማ፥ በ5,000 ዶላር ዩሆል የተባለውን ድርጅት አቋቋመ። የሐሳቡ ፍሬ ነገር፥ ሰው ተሳቢውን ከአንዱ ከተማ ተከራይቶ በደረሰበት በሌላው ከተማ እንዲያስረክብ ማድረጉ ነው። ከዚያ ወዲህ ገንዘቡ ጥቂት የሆነ ቤተ ሰብ እንኳ ንብረቱን ይዞ አገር ለማቋረጥ ቻለ። ነገር ግን አከራዩ ተሳቢውን ሲያያይዝለት፥ የመንዳቱን ጥበብ አብሮ ሊያያይዝለት አይችልም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፥ የሆሣዕና በዓል አራት ቀን ሲቀረው፥ በሥራ ምክንያት ከዴንቨር ወደ ሲያትል ተዛወርን። መንገዱ 1,300 ማይል፥ ማለት 2,100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በፒክ አፕ መኪናችን ውስጥ ባለቤቴ፥ እናትዋ፥ የሰባት ዓመት ልጃችንና እኔ ነበርን። አሳባችን ረቡዕ ተነሥተን ቅዳሜ ማታ ለመግባትና እሑድ የሆሣዕናን በዓል ከአዲሶቹ ወገኖቻችን ጋር በቤተ ክርስቲያን ለማክበር ነበር። እኔም ሰኞ ጠዋት በአዲሱ ሥራዬ ላይ መገኘት ይጠበቅብኝ ነበር።

ዕቃችንን ስንጭን የረዱን አንድ አረጋዊ ነበሩ፤ ሁላችንም «ጋሼ» እንላቸዋለን። የአሰብ ወደብ በ1990 ዓ.ም. በተነሣው ጦርነት እስኪዘጋብን ድረስ፥ ከአዲስ አበባ አሰብ በተሳቢ ሲመላለሱ የኖሩ ሰው ናቸው። ከሁሉ አስቀድሞ በተሳቢው ላይ የተለጠፈውን ጽሕፈት አስነበቡኝ። ባዶ ክብደቱ 870 ኪሎ ያህል፥ ከነጭነቱ ሊያልፈው የማይገባው ልክ ደግሞ 2,000 ኪሎ ያህል ነበር። ቀጥለውም በመኪናው በር ላይ ያለውን ጽሕፈት አስነበቡኝ፤ ምክንያቱም መኪናው የሚጐትተው ልክ ብቻ ሳይሆን የሚሸከመውም ልክ አለው። ተሳፋሪዎቹ፥ በፒክ አፑ ጀርባ የተጫነው ዕቃ፥ ተሳቢውም በማያያዣው ላይ የሚያሳርፈው ክብደት፥ ሁሉም በአንድነት ተደምረው ከዚህ ልክ ማለፍ አይገባቸውም።

ዕቃ አጫጫንም የራሱ ሥርዐት አለው። ከጠቅላላው ጭነት ከመቶ 60 ያህሉ ከተሳቢው እኩሌታ ወደ ፊት መሆን ይገባዋል፤ ይህም የሚደረገው ከጠቅላላው ክብደት ከመቶ 10 ያህሉ በማያያዣው ላይ እንዲያርፍ ነው። ክብደቱ ወደ ኋላ ያጋደለ እንደ ሆነ፥ ተሳቢው የመኪናውን ጀርባ ወደ ላይ ያነሣና በመንገድ ላይ እንደ ውሻ ጅራት ይወዛወዛል። ከመጠን በላይ ወደ ፊት የተጫነ እንደ ሆነ ደግሞ የመኪናው ጀርባ ይረግጥና የፊት ጐማዎቹ ስለሚቀሉ መሪው አልታዘዝ ይላል። ስለዚህ የልብስ ማጠቢያውን፥ የመጻሕፍቱን ሣጥንና የእንጀራ ምጣዱን ከፊት፥ ፍራሽና ትራሱን ከኋላ አድርገን፥ ግራና ቀኙን አመዛዝነን በገመድ አሰርነው። አማቴ ብቻ የእመቤታችንን ሥዕልና የጸሎት መጽሐፋቸውን ለተሳቢው አንሰጥም ብለው በጉልበታቸው ላይ ይዘው ተጓዙ።

ጋሼ ማያያዣው በመጐተቻው ኳስ ልክ መሆኑን መረመሩ፤ ኳሱ በጥቂቱ እንኳ ያነሰ እንደ ሆነ በመንገድ ላይ ሊፈናጠር ይችላልና። ሁለቱንም የመጠባበቂያ ሰንሰለቶች ከሥር በመስቀል ቅርጽ አሳልፈው አያያዙ። ይህ የሚደረገው ማያያዣው ቢለቅ የተሳቢው አንገት በሰንሰለቶቹ ላይ እንዲያርፍ እንጂ አስፋልት እንዳይቈፍር ነው። አማቴ ሰንሰለቶቹ ተመሳቅለው ባዩ ጊዜ አማተቡ። ጋሼም ፈገግ ብለው «ማማተቡ መልካም ነው እትዬ፤ መንጠቆውንም ደግመን እንየው» አሏቸው። በዚህ ቃል ውስጥ ብዙ ትምህርት አለ። ጸሎት ትጋትን የሚያስቀር አይደለም፤ ትጋትም ጸሎትን አይተካም። የፍሬኑንና የፍሬቻውን መብራትም በየተራ አይተን ተነሣን፤ በመንገዳችንም ሁሉ ቤንዚን ለመቅዳት በቆምን ቍጥር ሰንሰለቱን፥ ጐማውንና መብራቱን እንመለከት ነበር።

አከራዮቹ በሰዓት ከ55 ማይል፥ ማለት ከ88 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይነዳ ያሳስባሉ። ሜዳው ሰፊ፥ መንገዱ ለጥ ያለ ሲሆን ይህ ልክ እንደ እስራት ይቈጠራል። ነገር ግን ፍጥነት ከ55 ወደ 75 ማይል ከፍ ቢል፥ ፍሬኑ ሊያጠፋው የሚገባው ጉልበት ወደ እጥፍ ይጠጋል። ብቻውን የሚሄድ መኪና ይህን ይችለው ይሆናል፤ ሁለት ሺህ ኪሎ ከኋላው የሚገፋው ግን በዚያው ርቀት ሊቆም አይችልም። ስለዚህ ሁሉም እያለፈን በቀኝ በኩል ጥጋችንን ይዘን ተጓዝን።

ከዴንቨር ወደ ሰሜን ወጥተን፥ ከሻያን ወደ ምዕራብ ታጥፈን፥ በዋዮሚንግ ግዛት 2,633 ሜትር ከፍታ ያለውን የሸርማን ጫፍ ተሻግረን ላራሚ ከተማ ገባን። ከላራሚ እስከ ሮሊንስ ያለው፥ በኤልክ ተራራ ሥር የሚያልፈውና በ1970 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ጐዳና በነፋሱ የታወቀ ነው። በመንገዱ ዳር የቆመው የኤሌክትሪክ ሰሌዳ፥ ብርቱ ነፋስ ስለ ተነሣ ቀላል ተሳቢ የያዘ ሰው ባይጓዝ ይሻላል ይል ነበር። ምክር ነው እንጂ ክልከላ አልነበረም። የእኛ ተሳቢ ከታላላቆቹ ካሚዮኖች ጋር ሲመዛዘን እጅግ ቀላል ነው፤ ጐኑም ሰፊና ቀጥ ያለ ስለ ሆነ ነፋስን እንደ መርከብ ሸራ ይቀበላል። እኔም ወደ ቤንዚን ማደያው ገብቼ ሞተሩን አጠፋሁ።

ተሳቢ ይዘው ሰሌዳውን እያዩ የሚያልፉ ሰዎች ነበሩ። ከሲያትል የባለቤቴ ወንድም ደውሎ «ሌላው ሁሉ እየሄደ እናንተ ለምን ትቆማላችሁ? ሆሣዕና ሊያመልጣችሁ ነው» አለኝ። ልጄም ዘንባባ ይዛ መዘመርዋን ሳምንቱን ሙሉ ስትናገር ሰንብታ ነበር። የሥራውም ነገር በልቤ ይመላለስ ነበር፤ አዲስ ተቀጥሮ በመጀመሪያው ቀን መቅረት ለአንድ የቤተ ሰብ ኃላፊ ቀላል አይደለምና። ባለቤቴ ግን ከኋላ ወንበር ላይ ያንቀላፉትን ሁለቱን፥ እናትዋንና ልጅዋን፥ ዘወር ብላ አየቻቸውና «ለብቻህ ብትሆን እንኳ ሂድ አልልህም ነበር» አለችኝ። ወዲያው የማደሪያ ቤት ፈለግን። ነፋሱ ዓርብ ጠዋት እስኪበርድ ድረስ ሁለት ሌሊት በዚያ አደርን። ለአሠሪዎቼ ደውዬ ነገሩን አስረዳሁ፤ ለተሳቢውም የተጨማሪ ቀን ኪራይ ተስማምቼ ከፈልሁ።

ዓርብ ከሮሊንስ አልፈን ስንጓዝ አንድ ረጅም ካሚዮን በፍጥነት አለፈን፤ የገፋውም አየር ተሳቢያችንን መታውና መወዛወዝ ጀመረ። በእንዲህ ያለ ጊዜ የሰው እግር በተፈጥሮው ወደ ፍሬን ይሮጣል፤ እጁም መሪውን ወዲያና ወዲህ ማንገላታት ይወዳል። ሁለቱም መወዛወዙን ያብሳሉ። አንዳንዶች ፍጥነት ጨምረህ ጐትተህ አቅናው ይላሉ፤ ይህ አደገኛ ምክር ነው። የሚገባው እግርን ከነዳጅ መስጫው ላይ ማንሣት፥ መሪውን ቀጥ አድርጎ መያዝ፥ ፍጥነቱም በራሱ እስኪቀንስ መታገሥ ነው። ጋሼ እንደ ነገሩኝ አደረግሁ፤ ጥቂት ቈይቶ ተሳቢው ጸጥ አለ። ከዚያም መንገድ ዳር ቆመን ጭነቱንና ማያያዣውን መረመርን፤ ሁሉም በቦታው ነበር።

የሆሣዕና ዕለት በአይዳሆ ግዛት በትዊን ፎልስ ከተማ፥ በእንግዳ ማደሪያ ውስጥ አገኘን። አማቴ ሥዕሏን በምሥራቅ በኩል አቁመው ከሌሊት ጀምሮ ሲጸልዩ አነጉ፤ እኛም የሲያትሉን ቅዳሴ በስልክ ተከታተልን። ልጄ «ዘንባባዬስ?» ብላ አለቀሰች። ያለቀሰችበትን ነገር ዋጋ አሳንሼ አላየሁትም፤ እንባዋን ጠርጌ፥ በሰላም ስንደርስ ወገኖቻችን የተባረከውን ዘንባባ አስቀምጠው እንደሚጠብቋት ነገርኋት። እንዲሁም ሆነ።

ሰኞ በኦሪጎን ግዛት ካቤጅ ሂል የሚባለውን ቁልቁለት ወረድን። መንገዱ በ6 ማይል ርቀት ውስጥ 2,000 ጫማ፥ ማለት ከ10 ኪሎ ሜትር ባነሰ መንገድ 600 ሜትር ያህል ይወርዳል፤ በመካከሉም ስለታም መታጠፊያዎች አሉበት። ጋሼ ስለ ጣርማ በር ሲያወሩ «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» ይሉ ነበር። ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሹን አሳንሶ ሞተሩ መኪናውን እንዲይዘው ማድረግ፥ ፍሬኑንም ሳያቋርጡ ከመርገጥ ይልቅ እየረገጡ መልቀቅ ይገባል። የጋለ ፍሬን ኃይሉን ያጣልና። በዚህ ሁኔታ ያን ቁልቁለት ጨርሰን፥ የኮሎምቢያን ወንዝ ተሻግረን፥ በስኖኳልሚ በር አልፈን ሰኞ ማታ ሲያትል ገባን።

በራት ጊዜ የባለቤቴ ወንድም «ከላራሚ ያለፏችሁ ሰዎችም እኮ በደኅና ደርሰው ይሆናል፤ ታዲያ በመቆማችሁ ምን አተረፋችሁ?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው ፍርድ የጐደለው አይደለም። ደርሰው ከሆነም ደስ ይለኛል። የጥንቃቄ ጠባይዋ እንዲህ ነው፤ ያስቀረችውን ጥፋት አታሳይም። የደረሰ አደጋ ይታያል፥ ይቈጠራል፥ ይለቀስለታል፤ ያልደረሰ አደጋ ግን ምስክር የለውም። ስለዚህ ጠንቃቃ ሰው ከሌሎች ምስጋናን ሳይጠብቅ መንገዱን መወሰን ይኖርበታል። ያን ቀን ነፋሱን የለካሁት በመኪናዬ ጉልበት አልነበረም፤ በተሳቢው ጐን ስፋትና በኋላ ወንበር ላይ በተኙት ሰዎች ነበር።

የዚህ ሥራ ጥበብ ሁሉ የሚጠቀለለው በዚህ ነው። ተሳቢ የሚጐትት ሰው መንገዱን የሚለካው በራሱ መኪና ሳይሆን በሚከተለው ነገር ነው። መንገድ ሲታጠፍ ይህ በግልጥ ይታያል። የተሳቢው ጐማ የመኪናውን ፈለግ አይረግጥም፤ ወደ ውስጥ ቆርጦ ይገባል። እኛ ጠርዙን አልፈናል ስንል የሚከተለን ገና ጠርዙ ላይ ነው። ስለዚህ ነጂው ወደ ፊት ራቅ ብሎ ሄዶ አስፍቶ መታጠፍ፥ በስፖኪዮውም ኋላውን መመልከት አለበት።

ቤተ ሰብም እንዲሁ ነው። አባትና እናት አዲስ አገር፥ አዲስ ሥራ፥ አዲስ ኑሮ ብለው በታጠፉ ጊዜ፥ እነርሱ ማዕዘኑን ፈጥነው ያልፉታል። ልጅ ግን ጓደኞቹን ትቶ ወደማያውቀው ትምህርት ቤት ይገባል፤ አረጋዊት እናትም ከለመደችው ደጀ ሰላምና ከእድርተኞችዋ ትለያለች። የእነርሱ መንገድ ከእኛ መንገድ የጠበበ ነው። ስለዚህ ቤቱን ይዞ የሚዛወር ሰው፥ ዕቃውን ከማሰሩ በፊት ከሚከተሉት ጋር ይመካከር፤ ከደረሰም በኋላ ሥራውን ብቻ ሳይሆን የልጁን ልብና የእናቱን ቤተ ክርስቲያን ያስቀድም። እስከዚያ ድረስ ጭነቱ ገና በመንገድ ላይ ነውና ወደ ኋላው ማየቱን አይተው።